ያረጀ አዳፕተር፣ ላኪው የማይታወቅ ድራይቨር እና የአመኔታ ደረጃ

ድራይቨር በስርዓተ ክወናውና በአንድ የኮምፒውተር ዕቃ መካከል ገብቶ ሁለቱን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ዕቃው ጤነኛ ቢሆንም ድራይቨሩ ከሌለ ኮምፒውተሩ አያውቀውም፤ በዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ቢጫ ምልክት ተለጥፎበት ይቀራል። ዋይፋይ የሚቀበሉ አሮጌ የዩኤስቢ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ "ተበላሽተዋል" ተብለው መሳቢያ ውስጥ የሚጣሉት በዚሁ ምክንያት ነው። አብሮ የመጣው ሲዲ ጠፍቷል፤ አምራቹ ገጹን ዘግቷል ወይም ኩባንያው ራሱ ለሌላ ተሽጧል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ሰቨን ደግሞ ለአዲስ ስርዓት የተሠራውን ድራይቨር አይቀበልም። የሚቀረው ፋይሉን ከማይታወቅ እጅ መቀበል ነው። የጥገና ጉዳይ የሚመስለው ነገር ወደ ሥነ ምግባርና ወደ ሃይማኖት የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ ምንጩ ያልተረጋገጠን ነገር መቀበል መቼ ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ እስከ ምን ድረስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ዳዋ ጨፋን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ያቅፋል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በግእዝ ፊደል፣ የቂርአት (የኢስላማዊ መጻሕፍት) ትምህርቱ በዐረብኛ ይጻፋል። እንዲህ ባለ አካባቢ የአንድ ኮምፒውተር ዕድሜ ረጅም ነው። ከመሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሻገራል፤ በየደረሰበት ፎርማት ይደረጋል፤ ራሙ አነስተኛ ስለሆነ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ያቅተዋል። ከተማዋ ያለችበት ወሎ ደግሞ የኢስላም ትምህርት አገር ነው። በዳዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ የተቀመጠችው የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር ሾንኬ፣ ሐጅ ጀውሀር ሐይደር (እ.ኤ.አ. ከ1837 ገደማ እስከ 1937) በዕውቀታቸውና በሱፊነታቸው የታወቁባት ናት። በእንዲህ ዓይነቶቹ የቂርአት ማዕከሎች ደረሳው (ተማሪው) ሁሉ የሚጠየቀው "ይህን ከማን ወሰድከው?" የሚለው ጥያቄ ድራይቨር ለሚያፈላልግ ሰውም የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። የሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተላለፉ የሚባሉ ንግግሮች፣ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የሠሩት መልስ ከ"እመን" እና "አትመን" የሰፋ በመሆኑ ለኮምፒውተር ቤቱም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ዕቃውን በትክክል መለየት ያስፈልጋል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም የሻጩ ኩባንያ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ሪልቴክ፣ ራሊንክ፣ አቴሮስ ወይም ብሮድኮም የሠራው ቺፕ ነው። ራሊንክ እ.ኤ.አ. በ2011 በሚዲያቴክ፣ አቴሮስም በዚያው ዓመት በኳልኮም ተገዝተዋል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ በየአሮጌው አዳፕተር ሆድ ውስጥ አለ። ከዚህ የባሰም አለ። ቲፒ-ሊንክ "ቲኤል-ደብሊዩኤን722ኤን" በሚል ስም የሸጠው አዳፕተር በመጀመሪያው እትሙ የአቴሮስን ኤአር9271 ቺፕ ይዞ ነበር፤ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ የሪልቴክ ቺፕ ተተካበት። የዲ-ሊንክ "ዲደብሊዩኤል-ጂ122"ም እንደ እትሙ ቺፑን ለውጧል። ስሙ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ ውስጡ ሁለት። ለአንዱ የተሠራው ድራይቨር ለሌላው ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ የሚያየው ከሳጥኑ ይልቅ የዕቃውን መታወቂያ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ተሸክሞ ይመጣል፤ በዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ዕቃውን ከፍቶ "ዝርዝር" የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። የአምራቹ ቁጥር 0ቢዲኤ የሚል ከሆነ ቺፑ የሪልቴክ ነው፤ 148ኤፍ የራሊንክ፣ 0ሲኤፍ3 የአቴሮስ። የድራይቨሩ ጥቅል ውስጥም "ኢንፍ" የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል አለ። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል፤ ድራይቨሩ የሚያገለግላቸው ዕቃዎች ቁጥር በሙሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የአዳፕተሩ ቁጥር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ፋይሉ ከየትም ቢመጣ አይሠራም። ይህን ማየት ብዙ ደቂቃ አይወስድም፤ አብዛኛው ሰው ግን ሳያየው ያልፋል፤ ከዚያም ስምንት የማይሆኑ ድራይቨሮች ተራ በተራ ሲጫኑና ሲነቀሉ ይውላል፤ በየመካከሉ የሚገባውን ትርፍ ነገር ማን ይቆጥረዋል?

በሐዲስ ጥናት ውስጥ ለዚህ የሚመጥን ታሪክ አለ። የግብፁ ቃዲ ኢብኑ ለሂዓ (እ.ኤ.አ. በ790 የሞቱ) መጽሐፎቻቸው ከተቃጠሉባቸው በኋላ የትውስታቸው ጥራት እንደቀነሰ የሐዲስ ተቺዎች መዝግበዋል። በዚህ የተነሳ ብዙዎቹ የእርሳቸውን ዘገባ በሁለት ከፍለው ያዩታል፤ እንደ ዐብደላህ ኢብኑል ሙባረክና ዐብደላህ ኢብኑ ወህብ ያሉ ቀደም ብለው የሰሟቸው ሰዎች ያስተላለፉት የተሻለ ሲመዘን ከዚያ በኋላ የተሰማው ይዳከማል። የተራኪው ስም በሁለቱም የዘገባ ሰንሰለት ላይ ያው ነው። መዛኙ ግን በስሙ አይረካም፤ መቼ ተሰማ፣ በየትኛው ዘመኑ ብሎ ይጠይቃል። የአዳፕተሩን እትም ሳያይ በሳጥኑ ስም ድራይቨር የሚያወርድ ሰው ይህን ጥያቄ የዘለለ ነው።

ዕቃው ከታወቀ በኋላ ፋይሉን ማግኘት ይመጣል፤ ችግሩ ክብ የሚሆነውም ያኔ ነው። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ለሰቨን ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ኤክስፒ ይዞት የመጣው አሳሽ የዛሬዎቹን ድረ ገጾች የምስጢር ቁልፍ ስለማያውቅ በኬብል ቢገናኝ እንኳ አብዛኛው ገጽ አይከፈትለትም። ስለዚህ ፋይሉ በሌላ ስልክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ይወርድና በፍላሽ ይመጣል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ደግሞ ይህም ጠብቦ ነበር፤ ፋይል ከሌላ ከተማ በሚመጣ ሰው ኪስ የሚጓዝ ነገር ሆነ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግን ድራይቨሩን ብቻ ይዞ አይዞርም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ትል ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነበር፤ ያረጀው ዊንዶውስም ፍላሽ ሲሰካበት በውስጡ ያለውን ፕሮግራም ራሱ ለማስነሳት የሚቸኩል ነበር።

እንግዲህ ፋይሉ ሰንሰለት አለው ማለት ነው፤ ከአምራቹ ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ አውራጁ፣ ከአውራጁ ወደ ፍላሹ ባለቤት። ሊቃውንቱ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተላለፈ የሚባልን ንግግር ሲመዝኑ እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ኢስናድ፣ የተላለፈውን ይዘት መትን ይሉታል። በሰንሰለቱ ላይ ከሚቆም እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንዱ ዐዳላ ነው፤ የማይዋሽና ሃይማኖቱን የሚጠብቅ መሆኑ። ሌላው ዶብጥ ነው፤ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መያዝ መቻሉ። ሁለቱ ተለያይተው መታየታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ደግ፣ ጾመኛ፣ ሌሊቱን ሲሰግድ የሚያድር ሰው በትውስታው ደካማ ሊሆን ይችላልና ዘገባው በአክብሮት ይመለስለታል። ተራኪዎችን በዚህ መንገድ መተቸት ራሱን የቻለ ጥናት ሆኖ አድጓል፤ ዘሀቢ (እ.ኤ.አ. በ1348 የሞቱ) የተተቹ ተራኪዎችን ያሰባሰቡበት "ሚዛኑል ኢዕቲዳል" በዘርፉ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በሰንሰለቱ ላይ ከተገኘ መጅሁል ይባላል። መጅሁል ውሸታም ተብሎ አይፈረድበትም፤ እውነተኛ ተብሎም አይታመንም፤ ሰንሰለቱ ግን በእርሱ ይደክማል።

የኮምፒውተር ዓለምም እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ዐዳላንና ዶብጥን፣ በሁለት መሣሪያ ለመፈተን ይሞክራል። ዲጂታል ፊርማ ፋይሉ ከማን እንደወጣ ይመሰክራል። ሃሽ የሚባለው አጭር ቁጥር ደግሞ ፋይሉ በመንገድ ላይ አንድ ፊደል እንኳ እንዳልተለወጠበት ያሳያል፤ ይህ የዶብጥ ሥራ ነው። ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ያልተፈረመ ድራይቨር ወደ ስርዓቱ እምብርት እንዳይገባ ይከለክላል። ፊርማው ግን ዐዳላን አያረጋግጥም፤ ስምን ብቻ ያረጋግጣል። ለዚህ ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው ስታክስኔት ነው። የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ያጠቃው ይህ ትል ይዟቸው የገባው ድራይቨሮች ትክክለኛ ፊርማ ነበራቸው፤ ፊርማው የተሰረቀ የሪልቴክ የምስክር ወረቀት ውጤት ነበር። ያው በከሚሴም በየአሮጌው አዳፕተር ውስጥ የሚገኘው ሪልቴክ። የምስክር ወረቀቱ በዚያው ዓመት በጁላይ ተሰረዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ጄማይክሮን ከተባለ ሌላ ኩባንያ በተሰረቀ ወረቀት የተፈረመ ድራይቨር ብቅ አለ። ሐዲስ ፈጣሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር፤ የታመኑ ሰዎችን ስም ደርድረው በመጨረሻው ላይ የራሳቸውን ቃል ይሰቅላሉ። ሊቃውንቱ ሰንሰለቱ ያማረ ሆኖ እንኳ ይዘቱን የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እውነተኛው ሐሰተኛ መስሎ የሚታይበት ጊዜ። የፊርማው ስሌት ሻ-1 ከሚባለው ወደ ሻ-2 ሲሻገር፣ ማሻሻያው ያልተጫነበት ዊንዶውስ ሰቨን በአዲሱ ስሌት የተፈረመውን ድራይቨር "አላውቀውም" ብሎ መመለስ ጀመረ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 በአሮጌው ስሌት የተፈረሙ ፋይሎችን ከማውረጃ ገጹ አነሳ። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የላኪው አይደለም፤ ተቀባዩ የመለያ ዕውቀቱ አርጅቶበታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ "ፊርማው አይታወቅም" ማለቱ ብቻውን ፋይሉን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ በሌላ፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ፊርማውን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ብዙ ጠጋኞች ይህን ትተው ኮምፒውተሩን ሲያስነሱ ኤፍ8 ተጭነው የፊርማ ጥበቃውን በሙሉ ያጠፉታል። አንድ እንግዳ ለማስገባት በሩን ከነመቃኑ መንቀል ነው።

የአሮጌ ድራይቨር ፍለጋ የሚገጥመው ዋናው ሁኔታ ግን ሌላ ነው። አምራቹ የለም፤ ፋይሉ የሚገኘው ሰዎች ከድሮ ሲዲዎች እየቀዱ ባጠራቀሙት ማኅደር ውስጥ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ዕውቀት የሚተላለፍባቸውን መንገዶች ስምንት አድርገው ቆጥረዋል። ከመምህር አፍ መስማትና በመምህር ፊት ማንበብ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ኢጃዛ፣ ማለትም መምህሩ ለደረሳው የሚሰጠው የማስተላለፍ ፈቃድ ይመጣል። የወሎ ቂርአትም በዚሁ የቆመ ነው፤ ደረሳው ኪታቡን ከሸኹ ፊት ይቀራል፣ ሸኹ ያርሙታል። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ዊጃዳ ይባላል፤ አንድ ሰው ያላገኘውን፣ ፈቃድም ያልሰጠውን መምህር ጽሑፍ ተጽፎ ሲያገኘው። ሰንሰለቱ ተቆርጧል፤ ጽሑፉ ግን አለ። ከማኅደር የወረደ ድራይቨር ዊጃዳ ነው።

በዚህ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ የሚያስተምረውም አለመስማማታቸው ነው። ከቀደምቶቹ ብዙዎች በዊጃዳ መሥራትን አልፈቀዱም። የሐዲስን ጥናት መልክ ያስያዙት ኢብኑ ሶላሕ (እ.ኤ.አ. በ1245 የሞቱ) ግን በኋለኛው ዘመን የመተላለፍ መስፈርቶቹን በሙሉ ማሟላት እየከበደ በመሄዱ፣ ጽሑፉ የዚያ ሰው ስለመሆኑ መተማመኛ ከተገኘ በእርሱ ከመሥራት ሌላ መንገድ እንደማይቀር ተናግረዋል። ጠበቅ ያለው አቋም ዕውቀቱ በሙሉ እንዲዘጋ የሚያደርግበት ጊዜ እንዳለ አይተዋል። ኤክስፒና ሰቨን አሁን ያሉት በዚህ "የኋለኛ ዘመን" ላይ ነው። አምራቹን ጠይቆ ከእርሱ መቀበል አይቻልም። የሚቻለው መተማመኛውን ማጠናከር ነው፤ ፋይሉ የቆየ የአምራች ፊርማ እንዳለው ማየት፣ ሃሹን ከሌላ ተለይቶ ከቆመ ማኅደር ሃሽ ጋር ማስተያየት፣ የኢንፉን ቁጥር ከአዳፕተሩ ቁጥር ጋር ማመሳከር። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች አንድ ዓይነት ፋይል ከያዙ አንዱ ሌላውን ይደግፈዋል፤ የሐዲስ ሰዎች ደካማውን ዘገባ በሌላ መንገድ በመጣ ዘገባ የሚያጠነክሩት በዚህ ዓይነት ነው። በእርግጥ ሁለቱ ማኅደሮች ከአንድ ምንጭ ቀድተው ከሆነ ማጠናከሪያው ባዶ ነው።

በጥገና ሰዎች እጅ የሚዘወተረው ግን የድራይቨር ጥቅል ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ድራይቨሮችን ይዞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም። ስናፒ ድራይቨር ኢንስታለር የተባለው ኮዱ ክፍት ነው፤ ድራይቨርፓክ የተባለው ደግሞ ያልተጠየቁ ፕሮግራሞችን አብሮ በመጫን ይወቀሳል። ጥቅሉ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሰንሰለቱን ግን በአንድ ሰብሳቢ ስም ስር ይደብቀዋል፤ ከየት ቀዳ፣ ምን ጨመረ የሚለው አይታይም። በሐዲስ ጥናት በቀጥታ የሰማበትን የቅርብ ምንጭ ደብቆ ከሩቁ ሰው የሰማ አስመስሎ መተረክ ተድሊስ ይባላል፤ የሚያደርገው ሰው ውሸታም ባይባልም ምንጩን በግልጽ እስኪናገር ድረስ ዘገባው ይጠረጠራል።

ታዲያ ደካማ የሆነው ፋይል ይጣል ወይስ ይጫን? የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ነው። ስለ ደካማ (ዶዒፍ) ሐዲስ የብዙኃኑ ሊቃውንት አካሄድ ከጥቅሙና ከጉዳቱ ጋር አዛምዶ ማየት ነው። ሐላልና ሐራምን፣ የሰውን ደምና ገንዘብ በሚነካ ብይን ደካማ ሐዲስ አይቆምም። ለበጎ ሥራ በማነሳሳት ግን፣ ሥራው በሌላ ማስረጃ በጎነቱ የታወቀ ከሆነ፣ ይታለፋል። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (እ.ኤ.አ. በ1449 የሞቱ)፣ ተማሪያቸው ሰኻዊ እንዳስተላለፉላቸው፣ ለዚህ ሦስት ገደብ አድርገዋል፦ ድክመቱ የበረታ አለመሆኑ፣ ነገሩ በታወቀ መሠረት ስር የሚገባ መሆኑ፣ የሚሠራበትም ሰው የተረጋገጠ ነው ብሎ አለማመኑ። ማሊኪው ሊቅ አቡ በክር ኢብኑል ዐረቢ (እ.ኤ.አ. በ1148 የሞቱ) በአንጻሩ በደካማ ሐዲስ ፈጽሞ አይሠራም ከሚሉት ወገን ይቆጠራሉ። አቋማቸው ቀላል አይደለም፤ "ለትንሽ ነገር ብቻ" ተብሎ የተከፈተ በር ትልቁንም ማስገባቱ በታሪክ ታይቷል።

ሦስቱ ገደቦች ወደ ድራይቨሩ ሲመጡ ተጨባጭ ናቸው። ድክመቱ አይበርታ ማለት ፋይሉ ፊርማ ያለው ወይም ከታወቀ ማኅደር የመጣ ይሁን፣ ስሙን ቀይሮ "ክሊክ እዚህ" ከሚል ማስታወቂያ ስር የወጣ አይሁን ነው። በታወቀ መሠረት ስር ይግባ ማለት ቁጥሩ ከቺፑ ጋር ይመሳከር፣ ያም ቺፕ በዚያ ዊንዶውስ ላይ ሠርቶ እንደሚያውቅ ይታወቅ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው፤ ሰው ዋይፋዩ ከሠራለት በኋላ መጠርጠሩን ይተዋል። መሥራቱ ግን እውነተኛነቱን አያስረዳም፤ ተንኮል የተቀበረበት ድራይቨርም ዋይፋዩን ያሠራል፤ እንዲያውም ሥራው ያው ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት መመለሻ ነጥብ መያዝ፣ ከተጫነም በኋላ ኮምፒውተሩን እንደ ተጠርጣሪ ማየት የብይኑ አካል ነው።

ከፋይሉ ድክመት እኩል የሚመዘነው ግን ኮምፒውተሩ የማን ነገር ተቀምጦበታል የሚለው ነው። ድራይቨር በስርዓቱ እምብርት ውስጥ ስለሚሠራ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ማየት ይችላል። በቤት የተቀመጠ፣ ልጆች የኦሮምኛ ጽሕፈት የሚለማመዱበት ወይም የቁርኣን ቂርአት የሚደመጥበት አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ይቀራል፤ እርሱም ፈቅዶ ገብቶበታል። የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ግን የሌላ ሰው ነገር የሞላበት ነው። ፋይዳ መታወቂያውን ሊያሳትም የመጣ ገበሬ፣ የምስክር ወረቀቷን ስካን የምታስደርግ ተማሪ፣ የክስ ማመልከቻ የሚያስጽፍ አባወራ ሁሉ ወረቀቱን ትቶ ይሄዳል። ይህ አማና ነው፤ አማና የተቀበለ ሰው በራሱ ንብረት ላይ የሚደፍረውን አደጋ በተሰጠው አደራ ላይ ሊደፍር አይችልም። ስለዚህ ያው ፋይል፣ በያው ድክመቱ፣ በአንዱ ቤት ሲፈቀድ በሌላው ሊከለከል ይችላል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ከሁለቱም ይጠብቃል፤ አደራው የሕዝብ ነውና።

በዚህ ጥንቃቄ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ ኢስራፍ ነው። ቁርኣን ማባከንን አጥብቆ ያወግዛል፤ ጤነኛ ዕቃ በአንዲት ፋይል እጦት መጣል ማባከን አይደለም ወይ? ውዱእ ሲያደርጉ በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ ውሃ አለማባከንን የሚያዝዘው በኢብኑ ማጃ የተዘገበው ሐዲስ በየመስጂዱ ይነገራል። ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ሰንሰለቱን ደካማ ብለውታል፤ በሰንሰለቱ ላይ ካሉት አንዱ ደግሞ ከላይ የተነሱት ኢብኑ ለሂዓ ናቸው። ቦርከና ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የሚነገረው ይህ ዘገባ ራሱ፣ ሥራው በጎነቱ በሌላ ማስረጃ ስለታወቀ፣ ደካማ ሐዲስ እንዴት እንደሚሠራበት ማሳያ ነው። የኢስራፍ ክርክር እውነት አለበት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያረጀ ኤሌክትሮኒክስ የሚወገድበት ሥርዓት ገና ጠንካራ አይደለም፤ የተጣለ ሰርኪት በየገደሉ ሊቀር ይችላል። ነገር ግን ኢስራፍ የሚለካው ባለው ጥቅምም ነው። አንድን አሮጌ አዳፕተር ለማስነሳት ሁለት ቀን የሚያቃጥልና የደንበኞቹን አደራ ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው፣ ያዳነው አንድ ትንሽ ዕቃ ሲሆን ያባከነው ጊዜና አደራ ነው።

የቅጂ ጥያቄም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ግን በተሳሳተው ቦታ ነው። ድራይቨሩን አምራቹ ለዕቃው ገዢ በነጻ የሚሰጠው ስለሆነ ባለ አዳፕተሩ ቢቀዳው የከበደ ነገር የለበትም። ክብደቱ ያለው ብዙ ጊዜ ከስሩ ባለው፣ ያለ ፈቃድ በክራክ በተጫነው ዊንዶውስ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ (ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ በ43ኛ ውሳኔው የደራሲነትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የሚጠበቁ መሆናቸውን፣ እነርሱን መዳፈርም እንደማይፈቀድ ወስኗል። የቀደሙት ፊቅህ መጻሕፍት፣ በተለይ በሐነፊዎቹ ዘንድ፣ የማይጨበጥ መብትን እንደ ንብረት ለመቁጠር ይቸገሩ ስለነበር ውሳኔው የታሰበበት እርምጃ ነበር። በሀገሪቱ ሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ኢትዮጵያ የበርን የቅጂ መብት ስምምነትን ለረጅም ጊዜ ሳትቀላቀል በመቆየቷ ግን የውጭ ሀገር ሥራዎች በሀገር ውስጥ የነበራቸው ከለላ የሳሳ ነበር። ሕጉ የተወው ነገር በህሊና ፊት እንደተተወ አይቆጠርም፤ ችግረኛው ትምህርት ቤት ግን ገንዘብ የለውም፤ ችግር የፈቀደው ደግሞ በችግሩ ልክ ብቻ ነው የሚል መርህ በፊቅህ ውስጥ አለ። ሌላ ነጻ መንገድ ሲኖር ያ ፈቃድ ይጠብባል።

ነጻው መንገድ ሊነክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ነው። የካማራ በጎ አድራጎት ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሶ በኢትዮጵያም ላሉ ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ በዚሁ ስርዓት ተጠቅሟል። ለድራይቨር ጥያቄ መልሱ የተለየ ነው፤ የራሊንክ፣ የአቴሮስና የብዙ ሪልቴክ ቺፖች ድራይቨር ከስርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አዳፕተሩ ብዙ ጊዜ እንደተሰካ ይሠራል። የኤአር9271 ቺፕ የውስጥ ፕሮግራም ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2013 ክፍት ሆኗል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በሐሰት ላይ መስማማታቸው የማይታሰብ ብዙ ሰዎች ያስተላለፉትን ሙተዋቲር ዘገባ ይመስላል ማለት ያጓጓል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ኤክስዜድ በተባለ በብዙ የሊነክስ ኮምፒውተሮች ላይ በሚገኝ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ ስውር በር አጋለጠ። የቀበረው "ጂያ ታን" የሚል ስም የያዘ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ትጉህና ትሑት አስተዋፅኦ እያደረገ አመኔታ የገዛ ነበር። ኮዱን ማንበብ የሚችሉት ብዙ ነበሩ፤ ያነበቡት ጥቂት። የሙተዋቲር ኃይል በሚችሉት ሰዎች ብዛት አይደለም፤ በየደረጃው በእርግጥ የተቀበሉትና ያስተላለፉት መብዛት አለባቸው። ሊነክስም ስለዚህ ከሙተዋቲር ይልቅ የታወቁ፣ ስማቸው የተመዘገበ ተራኪዎች ወዳሉበት ጥሩ ሰንሰለት ይቀርባል፤ ይህም ለአሮጌ አዳፕተር ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው ነው።

ድራይቨሩ ተገኝቶ፣ ተመሳክሮ፣ ተጭኖም አንድ ነገር ይቀራል። ኤክስፒ ደብሊዩፒኤ2 የሚባለውን የዋይፋይ ጥበቃ በተሟላ መልኩ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሦስተኛ የአገልግሎት ጥቅሉ ነው፤ ደብሊዩፒኤ3ን ኤክስፒም ሰቨንም አያውቁትም። አዲስ ራውተር በዚያ ብቻ እንዲሠራ ከተደረገ የታመነው ድራይቨር እንኳ አያገናኝም። ቢያገናኝም፣ ማሻሻያ የማይመጣለት ስርዓት ለመረብ ይጋለጣል። ስለዚህ የድራይቨሩ ብይን የመገናኘቱን ብይን አይዘጋም፤ ሁለቱ ተለያይተው ይታያሉ። ማስረጃዎቹ እኩል ሲሆኑ ሊቃውንቱ ተወቁፍ የሚሉት ሦስተኛ አቋም አለ፤ ሳይቀበሉና ሳይጥሉ መቆየት። ለአዳፕተሩ ይህ ማለት ሊነክስ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማዋል፣ አሮጌውን ዊንዶውስ ደግሞ ያለ መረብ በጽሕፈትና በኅትመት ማቆየት ነው። አደራ የተሸከመው ኮምፒውተርም መገናኘት ግድ ከሆነበት፣ በታወቀ ድራይቨር የሚሠራ አዲስ አዳፕተር ይገዛለታል ወይም የደንበኛው ወረቀት ሥራው እንዳለቀ ከውስጡ ይጠፋል።